የ47 ዓመት የሸራ ጀልባ፣ ኢንሹራንስ ስጠይቅ «ሰርቬይ አምጣ» ተባልኩ (ሐዋሳ)

ማዕበል_ሐዋሳ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ቤተሰብ። ሐዋሳ ነው ያለሁት። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው፣ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ባለፈው ዓመት የሸራ ጀልባ ገዛሁ። ርዝመቷ 7 ሜትር ነው። ቦዲዋ ፋይበርግላስ ነው፣ ከሆዷ ስር ወደ ላይ የሚታጠፍ፣ እንዳትገለበጥ የሚይዛት ከባድ የብረት ኪል አላት፣ ከኋላ ደግሞ 6 የፈረስ ጉልበት ያለው ትንሽ ሞተር። የተሰራችው በፈረንጅ 1978 ነው። የቀድሞ ባለቤቷ እዚህ ያለውን ሥራ ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ነው የሸጠልኝ። ታቦር ተራራ ላይ ቆማችሁ ሐይቁ ላይ አንዲት ነጭ ሸራ ካያችሁ እሷ ናት።

እስካሁን ያለ ኢንሹራንስ ነበር የምወጣው። አሁን ሁለተኛ ልጃችን ተወለደች። ባለቤቴ «ወረቀት ሳትይዝ ልጆቹን አታሳፍርም» አለችኝ፣ እውነቷን ነው። ስለዚህ ኢንሹራንስ ቤቶች ዞርኩ። የመጀመሪያው «የሸራ ጀልባ ሰርተን አናውቅም» ብሎ መለሰኝ። ሁለተኛው ፎርም ሰጠኝ። ሞላሁ። የተሰራችበትን ዓመት ሲያይ «የሰርቬይ ሪፖርት አምጣ» አለኝ። ምን ዓይነት ሰርቬይ ብዬ ብጠይቀው «የባለሙያ ምርመራ» ከማለት ውጪ ሌላ አልነገረኝም።

ሰርቬይ መቼ ነው የግድ የሚሆነው? ጀልባዋ ከውሃ መውጣት አለባት? እሷን ማውጣት ማለት ክሬን ወይ ብዙ ሰው ነው። ለሦስተኛ ወገን ብቻ ብገባስ ሰርቬይ ይቀራል? ለጉዞ ፈቃድ የሚደረገው የደህንነት ምርመራስ አይበቃም? ውሃ ላይ ስታዩዋት እኮ ምንም የላትም፣ ቀለሟ ራሱ ያምራል።

---

ቆሮሶ_በልቼ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ወንድሜ፣ እኔም የሐዋሳ ልጅ ነኝ። ቱሪስት የምታወጣ የሞተር ጀልባ አለችኝ። የእኔን ታሪክ ልንገርህና ተማርበት።

ኢንሹራንስ ገብቼ ነበር። ዓረቦኑን (የኢንሹራንሱን ክፍያ) ከፈልኩ፣ ወረቀቱን ሳላነብ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አንድ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ሞተሩ ከጀርባው ተነቅሎ ሐይቅ ገባ። መያዣው ላልቶ ነበር። ሁለት ቀን ጠላቂ ይዤ ፈለግሁ፣ ጭቃው ውጦታል። ኢንሹራንስ ቤት ስሄድ ሰውዬው ፖሊሲውን (የውሉን ወረቀት) ዘርግቶ አንድ መስመር አሳየኝ። «ከጀልባው የወደቀ ሞተር አይካስም» ይላል። በቃ። የኔ ጥፋት ነው ማለት ነው፣ ግን ሲሸጡልኝ አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ በሰንሰለት አስሬው ነበር።

ስለዚህ ከሰርቬዩ በፊት ፖሊሲውን ስጡኝና ላንብበው በላቸው። ሳትፈርም።

---

አረቦን_አዳማ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:20

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ነኝ። ኢንሹራንስ ውስጥ፣ ውል በሚገመግመው ክፍል ብዙ ዓመት ሰርቻለሁ። የማሪን ሥራ በአብዛኛው ዕቃ ጭነት ነው የሚመጣልን፣ የግል ጀልባ ግን አልፎ አልፎ ያጋጥመኛል። ከእኛ ወገን ሆኖ ነገሩ ምን እንደሚመስል ላስረዳህ።

መጀመሪያ ስለ ሕጉ። የመኪና ሦስተኛ ወገን በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው፣ እሱ ግን ለተሽከርካሪ የወጣ ነው። አንተ የምትገባው በፈቃድህ በሚደረግ ውል ነው። ስለዚህ ሰርቬይ መቼ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው አዋጅ ሳይሆን ድርጅቱ ነው። አንዱ ለአዲስ ጀልባ ፎቶ ይበቃኛል ይላል፣ ሌላው ለሁሉም ሰርቬይ ይጠይቃል። የ47 ዓመት ዕድሜ ስታይ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ብሆን ያለ ሰርቬይ አልፈርምልህም።

ለምን ብትል፣ እኛ የምንሸፍነው ድንገተኛ አደጋን ነው። ማርጀት፣ መዛግ፣ መበስበስ አይሸፈንም። አሮጌ ጀልባ ስትሰምጥ ዋናው ጭቅጭቅ «ነፋስ ነው ወይስ እርጅና?» የሚለው ነው። ውል ሲገባ የነበረችበትን ሁኔታ የሚያሳይ ወረቀት ካለ ክርክሩ ያጥራል። ይሄ ለእኛ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። እኔ አደጋ ደርሶባቸው ማስረጃ አጥተው ሲያለቅሱ ያየኋቸው ሰዎች አሉ።

ሌላም አለ። ያልተለመደ ንብረት ሲሆን እኛ ብቻችንን አንሸከመውም፣ ለጠለፋ መድን ሰጪው፣ ማለት እኛን ራሳችንን ለሚያስድነው ድርጅት፣ እናሳያለን። እሱ ደግሞ የመጀመሪያ ጥያቄው «ሪፖርቱ የታለ?» ነው።

የደህንነት ምርመራ ያልከው አይተካውም። እሱ የሚያየው ላይፍ ጃኬት አለ ወይ፣ ስንት ሰው ትጭናለች፣ ነጂው ብቁ ነው ወይ የሚለውን ነው። ሰርቬዩ የሚያየው የጀልባዋን አጥንት ነው። ግን ሁለቱንም አያይዘህ አቅርብ፣ ጥሩ ስሜት ይፈጥራል።

ለሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ ድርጅቱ ሊያቀልልህ ይችላል፣ ጠይቅ። በዚያ ግን የራስህ ጀልባ ብትጠፋ ምንም አታገኝም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ፎርሙ ላይ ያለውን ሁሉ እውነቱን ጻፍ። ኢንሹራንስን የሚመለከተው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ክፍል ዛሬም ይሠራል፣ የ2013ቱ አዲስ ሕግ ያን ክፍል አልሻረውም። ሆን ብለህ የደበቅከው ነገር ከተገኘ ውሉ ፈራሽ ነው። «ኪሉ ላይ ስንጥቅ አለ» ብለህ ብትጽፍ ምናልባት አስጠግን ትባላለህ። ደብቀህ ቢገኝብህ ግን ስንት ዓመት የከፈልከው ዓረቦን ውሃ በላው ማለት ነው።

---

ሸራ_በሳውዝሃምፕተን | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:50

ልጄ፣ ሰላም ነህ? እኔ ሐዋሳ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን እንግሊዝ ደቡብ ዳርቻ የምኖር ሽማግሌ ነኝ። በፈረንጅ 1983 የተሰራች የሸራ ጀልባ አለችኝ። ሐይቃችን ላይ ነጭ ሸራ አለ ስትል ዓይኔ እንባ አቀረረ።

እዚህ ያለውን ልንገርህ። ጀልባዋ 20 ወይም 25 ዓመት ካለፋት አብዛኞቹ መድን ሰጪዎች መጀመሪያ ስትገባ ከውሃ ወጥታ የተደረገ ሰርቬይ ይጠይቃሉ። አሜሪካ ውስጥ ከ10 ዓመት ጀምሮ የሚጠይቁ አሉ። ከዚያ በየ5 ዓመቱ ገደማ ድገም የሚሉ አሉ፣ ድርጅት ስትቀይር ደግሞ እንደ አዲስ ሊጠይቁህ ይችላሉ። ለሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ ብዙዎቹ ሰርቬይ አይጠይቁም፣ እህታችን ከአዳማ ያለችው ልክ ነው።

ሰርቬይ ሲባል አንድ ዓይነት እንዳይመስልህ። ገዢ ከመግዛቱ በፊት የሚያስደርገው አለ፣ እሱ ረጅምና ዝርዝር ነው። ለኢንሹራንስ የሚሆነው ጀልባዋ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለችና ዋጋዋን የሚናገር ነው። ከአደጋ በኋላ የሚደረግም አለ። ድርጅቱ የሚፈልገው የትኛውን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቀው። በቃል የተነገረህን ይዘህ ገንዘብ አታውጣ።

«ውሃ ላይ ስታዩዋት ምንም የላትም» ያልካት አሳስባኛለች። የሸራ ጀልባ ሕመሟ ሁሉ ከውሃ በታች ነው። አንተ የምታየው ግማሿን ነው። የእኔን ባለፈው ዓመት ሳወጣት መሪው የሚዞርበት ዘንግ ጋ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር፣ ከላይ ሆኜ 4 ዓመት ሙሉ አላወቅሁም።

ሰርቬየሩን የምትከፍለው አንተ ነህ፣ ስለዚህ የአንተ ሰው መሆን አለበት። ሻጩ የሰጠህን የድሮ ሪፖርት አትመን፣ ኢንሹራንሱም ላይቀበለው ይችላል።

---

ማዕበል_ሐዋሳ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:15

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እህቴ አዳማ ያለሽው፣ አንቺም ተባረኪ። ቆሮሶ፣ ለሞተርህ አዝናለሁ፣ ዛሬውኑ የእኔን በሰንሰለት አሰርኩት።

ሁለት ነገር አልገባኝም። ፋይበር እኮ አይበሰብስም ይባላል፣ ታዲያ ቦዲው ላይ ምንድን ነው የሚፈልጉት? ሁለተኛ፣ ሐይቃችን ጨው የለውም። ከባህር ጋር ሲነጻጸር ይሄ ለጀልባዋ ቀላል አይሆንላትም?

---

ሸራ_በሳውዝሃምፕተን | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:30

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ለብረቱ አዎ፣ ጨው የሌለበት ውሃ ይራራል። ለፋይበሩ ግን ተቃራኒው ነው።

ፋይበርግላስ ላዩ ላይ ጄልኮት የሚባል ቀጭን ልባስ አለው። ውሃ በዚያ ቀስ ብሎ ያልፋል። ውስጥ ገብቶ ከሙጫው ውስጥ የቀሩ ነገሮችን ያሟሟል፣ ወፍራም ፈሳሽ ይሆናል። ያ ወፍራም ፈሳሽ ከውጪ ያለውን ቀጭን ውሃ ይስባል። እንዲህ እየሳበ ይነፋና ቦዲው ላይ ጉብጉብ ይወጣል። ኦስሞሲስ ይሉታል። ከውጪ ያለው ውሃ ጨው ባነሰው ቁጥር መሳቡ ይበረታል። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ይፈጥናል። ሐዋሳ ሐይቅ ጨው የሌለበትም ሞቃትም ነው። ዓመቱን ሙሉ ውሃ ላይ ከተቀመጠች ጉብጉቡ አይቀርም ብለህ አስብ።

ጉብጉቡን ብትወጋው ፈሳሹ እንደ ኮምጣጤ ይሸታል። ያኔ ታውቀዋለህ። ጀልባ ወዲያው አያሰምጥም፣ ግን ዋጋዋን ይቀንሳል፣ ሪፖርቱም ላይ ይጻፋል።

ሰርቬየሩ እርጥበት የሚለካ መሣሪያ ይይዛል። ከውሃ ወጥታ በዚያው ቀን ከለካት ግን የላይኛውን ውሃ ነው የሚለካው። ታጥባ ጥቂት ሳምንት ደርቃ ትቆይ። አንድ ትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ ደግሞ አለው። በእሷ ቦዲውን ሁሉ መታ መታ እያደረገ ያዳምጣል። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተላቀቀው ቦታ ድምፁ ይታፈናል።

ከዚያ ምሰሶውን የያዙት የሽቦ ገመዶች። አይዝጌ ብረት ስለሆኑ ጤነኛ ይመስላሉ፣ የሚሰነጠቁት ግን ጫፋቸው ላይ፣ መያዣው ውስጥ ተጨምቀው በሚገቡበት ቦታ ነው። እዚህ 10 ወይም 15 ዓመት ከሞላቸው ቀይር የሚሉ መድን ሰጪዎች አሉ። የአንተ ዕድሜያቸው ስንት ነው?

---

ማዕበል_ሐዋሳ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:55

ጋሼ፣ ሽቦዎቹ ከጀልባዋ ጋር አብረው የመጡ ይመስለኛል። 47 ዓመት ማለት ነው።

---

ሸራ_በሳውዝሃምፕተን | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5:10

እንግዲያውስ ልጄ፣ ሰርቬዩን ሳትጠብቅ ቀይራቸው። እስከዚያ ነፋስ ሲበረታ ሸራ አትዘርጋ። ይሄን ከኢንሹራንስ ጋር አታያይዘው፣ ልጆችህ ናቸው።

---

ረጋ_በል | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:00

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ነገር አታካብዱ። ይሄ ሐይቅ ነው፣ ባህር አይደለም። ዓሣ አጥማጆቹ በእንጨት ጀልባ ዕድሜ ልካቸውን ይሠራሉ፣ ማን ሰርቬይ ጠየቃቸው? ሰውዬው ለክሬን፣ ለባለሙያ፣ ለሽቦ የሚያወጣውን ቢያስቀምጥ ጀልባዋ ብትሰምጥ ሌላ ይገዛበታል። አሮጌ ጀልባ ኢንሹራንስ አያስፈልጋትም።

---

ቆሮሶ_በልቼ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:40

ረጋ በል፣ ሐይቁን ጠዋት ብቻ ነው ያየኸው መሰለኝ። ጠዋት መስታወት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ተደራራቢ ነው፣ ጀልባዋን እረፍት አይሰጣትም። አጥማጆቹም የሚወጡበትንና የሚገቡበትን ሰዓት ያውቃሉ። ደግሞ ጉማሬ አለ፣ በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል በተለይ።

«ሌላ ይገዛል» ላልከው፣ ጀልባዋ ሌላ ሰው ጋ ብትጋጭስ? ሰው ብትጎዳስ? ብትሰምጥስ ማን ያወጣታል? ሐይቁ ጥልቅ ቦታው ከ20 ሜትር በላይ ነው። ኪሏ ብረት ነው። እኔ አንዲት ሞተር ማውጣት አቅቶኛል።

---

አረቦን_አዳማ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:30

ረጋ በል ያነሳኸው ስለ ወጪው እውነት ያለበት ነው። ጀልባዋ ርካሽ ከሆነች ሙሉ ሽፋን ላያዋጣ ይችላል። ብዙ ደንበኛ ይሄን ሳያሰላ ይገባል። ለሦስተኛ ወገንና የሰመጠች ጀልባን ለማውጣት የሚሆን ሽፋን ግን ጀልባዋ የፈለገ ብትረክስ ያስፈልጋል፣ የጎዳኸው ሰው የጀልባህን ዋጋ አይቶ አይጎዳም።

ማዕበል፣ የዋጋውን ነገር ሳትነጋገር እንዳትፈርም። የንግድ ሕጉ ካሳ ማለት አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ አይበልጥም ይላል። መኪና ሲሆን ገበያ አለ፣ ደላላ ጠይቀህ ታውቃለህ። የሸራ ጀልባ ግን ሐዋሳ ውስጥ ገበያ የላትም። አንተ 1 ሚሊዮን ትላለህ፣ ገማቹ 300 ሺህ ይላል፣ ማን ልክ ነው? የሰርቬዩ ሪፖርት ላይ ባለሙያው የገመተው ዋጋ ካለ መነሻ ይሆንሃል። አሳንሰህ ብታስመዘግብም አትጠቀም፣ ግማሹን ዋጋ ብቻ ካስመዘገብክ ትንሽ ጉዳት ሲደርስ እንኳ ግማሹን ነው የምታገኘው።

---

ሸራ_በሳውዝሃምፕተን | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:15

እህቴ ያልሽው በጣም ጠቃሚ ነው። እዚህ ከመጀመሪያው ተስማምተን ዋጋ የምንቆርጥበት ፖሊሲ አለ። ሙሉ በሙሉ ከጠፋች ያ ዋጋ ይከፈላል፣ ክርክር የለም። ለአሮጌ ጀልባ ይሄን የምንወደው ለዚህ ነው። ማዕበል፣ እዚያም ጠይቃቸው።

የቆሮሶን ሞተር በተመለከተ ደግሞ፣ ብዙ አገር የሚቀዱት በፈረንጅ 1985 የወጣው የለንደን የያት (የመዝናኛ ጀልባ) ውል አለ። እሱም ከጀልባው የወደቀን ሞተር አይክስም። ተዘርግቶ ሳለ ነፋስ የቀደደውን ሸራም አይክስም፣ ምሰሶው ተጎድቶ፣ ጀልባዋ ተጋጭታ ወይም መሬት ነክታ ቆማ ካልሆነ በስተቀር። ሸራና ገመድ በአደጋ ሲጎዳ ደግሞ እንደ እርጅናው እስከ አንድ ሦስተኛ ሊቀንስብህ ይችላል። ውልህ ከዚያ የተቀዳ መሆኑን እነዚህን አንቀጾች ፈልገህ እይ።

---

ፋይበር_ቤት | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:10

እኔ ሐዋሳ ፋይበር እጠግናለሁ። በርሜል፣ ታንከር፣ የጀልባ ቦዲ። ማዕበል፣ ክሬን አያስፈልግህም። አሞራ ገደል ያሉ ልጆች ሞተር ጀልባ ሲያወጡ አይተህ ይሆናል፣ ግንድ እየደረደሩ ነው የሚያንከባልሉት። ኪሉ ወደ ላይ ስለሚታጠፍ የአንተም ትወጣለች። ግን ቀጥታ መሬት ላይ እንዳትተኛ። አሮጌ የመኪና ጎማ ደርድርላት፣ ኪሉ የሚወርድበት ክፍተት ከስር ተውላት። አለበለዚያ ባለሙያው ኪሉን ሊያየው አይችልም።

ጊዜው ደግሞ አሁን ነው። በጋ ላይ ካወጣሃት ትደርቃለች። ክረምት ካወጣሃት አትደርቅም፣ ገንዘብህ ይባክናል።

አንድ ነገር ልለምንህ። ሰርቬየሩ ከማየቱ በፊት ቀለም እንዳትቀባት። ቆንጆ እንድትመስል ብለህ ከቀባሃት ስንጥቁ ይሸፈናል፣ እሱም ይጠረጥርሃል። አጥበህ ብቻ አቅርባት።

---

ማዕበል_ሐዋሳ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:00

ፋይበር ቤት፣ ልቀባት ነበር እኮ። አስቀረኸኝ።

ለኢንሹራንሱ ዛሬ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ምን ዓይነት ሰርቬይ፣ በማን የተደረገ፣ ከውሃ ወጥታ ነው ወይስ ሳትወጣ» ብዬ ጠየቅሁ። መልሱን እንዳገኘሁ እመለሳለሁ።

---

ማዕበል_ሐዋሳ | ከ5 ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ከቀኑ 10:20

ሰላም ቤተሰብ። ጠፋሁ አይደል? ሥራ ላይ ነበርኩ። ሁሉንም ልንገራችሁ።

ድርጅቱ በደብዳቤ መለሰልኝ። ከውሃ ወጥታ፣ የሁኔታና የዋጋ ሪፖርት፣ በማሪን ኢንጂነር የተፈረመ ከሆነ እንቀበላለን አሉ። ይሄን ወረቀት ባልጠይቅ ኖሮ ተራ መካኒክ አስፈርሜ ልሄድ ነበር። መርከብ ላይ ብዙ ዘመን ሰርቶ ጡረታ የወጣ ኢንጂነር አዲስ አበባ አገኘሁ። 275 ኪሎ ሜትር ነድቶ መጣልኝ። ከመምጣቱ በፊት ስሙንና ሙያውን ለድርጅቱ አስታወቅሁ፣ እሺ አሉ።

ጀልባዋን በ14 ልጆች አወጣናት፣ ፋይበር ቤት ቆሞ አስተባበረ። አጥበናት 3 ሳምንት ጎማ ላይ ተቀመጠች።

ኢንጂነሩ ጠዋት 2 ሰዓት ጀመረ። መጀመሪያ ምንም አልተናገረም። ጎኗን እየዞረ በዚያች መዶሻ መታ መታ ያደርጋል። ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ። እኔ ከኋላው እከተላለሁ። ከመሪው ትንሽ ወደ ፊት ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ። ዱብ አለ። ቆመ፣ ጠመኔ አወጣ፣ ክብ ሠራ። የክቡ ስፋት የእንጀራ ማቅረቢያ ሰሃን ያክላል። ከዚያ በፊት እዚያ ጋ አሥር ጊዜ አልፌ ምንም አላየሁም። ጉብጉቦቹም ነበሩ፣ 30 ገደማ፣ የሽንብራ ፍሬ የሚያክሉ። አንዷን በወረንጦ ጫፍ ነካት። ፈሳሹ ወጣ። ጋሼ እንዳሉት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተ።

ዋናው ግን ኪሉ ነው። «አውርደው» አለኝ። አወረድኩት። ሁለት እጁን ከታች ጫፉ ላይ አድርጎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቀው። ኳ ኳ አለ። ከላይ የተሰካበትን ቡሎን አስፈታኝ። ሳወጣው መሃሉ ተበልቶ ወገቡ ቀጥኗል፣ ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ እንቁላል መስሏል። «ስንት ሰው ታሳፍራለህ?» አለኝ። «ባለቤቴንና ልጆቼን» አልኩት። ቡሎኑን እጄ ላይ አስቀመጠውና ወደ ቀጣዩ ሄደ።

ቡሎኑ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ማታ ማታ አየዋለሁ።

---

ቆሮሶ_በልቼ | እሁድ፣ ከቀኑ 11:00

እግዚአብሔር ይመስገን ወንድሜ። ያ ቡሎን በአንድ ከሰዓት ነፋስ ቢቆረጥ ኖሮ ምን ይሆን ነበር።

---

አረቦን_አዳማ | እሁድ፣ ከምሽቱ 1:45

እንኳን አወጣሃት! አሁን ደግሞ ልብ በል፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ «ይስተካከል» የሚል ክፍል ይኖረዋል። እሱ ምክር እንዳይመስልህ። ድርጅቱ ሪፖርቱን ሲቀበል እነዚያ ነጥቦች ብዙ ጊዜ የውሉ አካል ይሆናሉ። «ከጉዞ በፊት ይስተካከል» የተባለውን ሳታስተካክል ወጥተህ አደጋ ቢደርስ አይከፍሉህም፣ በራስህ ሪፖርት ነው የሚረቱህ።

የቀየርከውን ሁሉ ፎቶ አንሳ፣ ደረሰኝ ያዝ፣ ሲያልቅ «ተስተካክሏል» ብለህ በደብዳቤ አስገባና ቀሪ ላይ ማህተም አስደርግ።

---

ሸራ_በሳውዝሃምፕተን | እሁድ፣ ከምሽቱ 4:20

ልጄ፣ ቡሎኑን ስትቀይር ቀዳዳውንም አሠራው። እንቁላል በሆነ ቀዳዳ ውስጥ አዲስ ቡሎን ብትሰካ በዓመት ውስጥ ያንኑ ይሆናል። ቀዳዳው ይስፋና ቡሽ (ቡሎኑ የሚገባበት ቀለበት) ይግባበት። ኪሉን የሚያነሳው ሽቦም ከውሃ በታች ያለው ጫፉ ይታይ።

ኪሉ ላይ ዝገት መከላከያ ዚንክ ካለህ ደግሞ ለሐይቅ ውሃ የሚሻለው ማግኒዥየም ነው፣ ዚንኩ ጨው በሌለበት ላዩ ይለበጥና ሥራውን ያቆማል።

---

ማዕበል_ሐዋሳ | ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 1:30

ተፈረመ!

ቡሎኑን ቶርኖ ቤት አስቀረጽኩ፣ በአይዝጌ ብረት። ቀዳዳው ሰፍቶ ቡሽ ገባበት። ክቡን ቦታ ፋይበር ቤት ፈልፍሎ እንደገና አለበሰው። ጉብጉቦቹ ተከፍተው ታጥበው ደርቀው ተደፈኑ። ሽቦዎቹን ከውጪ አገር በሰው አስመጣሁ፣ ከሁሉም ውዱ እሱ ነበር። ሁሉንም በፎቶና በደረሰኝ አስገባሁ፣ ቀሪው ላይ ማህተም አስደረግሁ፣ እህቴ እንዳልሽው።

ዋጋዋን በሪፖርቱ መሠረት ተስማምተን ውሉ ላይ ጻፍነው። የሦስተኛ ወገንም፣ ብትሰምጥ የማውጫ ወጪውም አለበት። ሞተሩ ከወደቀ አይከፈልም ይላል፣ እንደተባለው። እንዲጨመር ጠየቅሁ፣ እምቢ አሉ፣ ሰንሰለቱ ይቆያል። ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ አይሸፍኑኝም። ሰርቬዩ ከ5 ዓመት በኋላ ይደገማል፣ እሱም ውሉ ላይ ተጽፏል።

ዛሬ ጠዋት ልጆቹን ይዤ ወጣሁ። ትልቁ ልጅ ኪሉ ሲወርድ ጆሮውን ወለሉ ላይ አድርጎ ሲያዳምጥ ነበር። «አባዬ፣ አሁን ኳ ኳ አይልም» አለኝ።

---

ረጋ_በል | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:10

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። የቡሎኑን ነገር ካነበብኩ በኋላ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። እኔም የአጎቴ ልጅ የፋይበር ጀልባ አለችው፣ 20 ዓመት ሆኗታል። የኢንጂነሩን ስልክ በውስጥ መስመር ላክልኝ።

---

ማዕበል_ሐዋሳ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:25

ላኩልህ። በጋው ሳያልቅ አውጧት፣ ጎማዎቹም እኔ ጋ አሉ፣ መጥታችሁ ውሰዱ።